የደባሌ ምስክሮች

አሁን የምኖርበት ቤት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙቅ ውሃ አለው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ሊፍቱ በሚሠራበት ቀን ጉልበቴ ያርፋል። ልጄ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎልኛል። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ እየተመቻቸ «እትዬ፣ ይኸው እግዜር ካሰዎት» ይለኛል። ቤቱ እንዴት እንደመጣ ስለማውቅ አሜን ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ከዚህ በፊት አርባ አራት ዓመት የኖርኩት መርካቶ ነው፣ ከራጉኤል ወደ ጭድ ተራ ሲኬድ ገባ ብሎ በነበረ የቀበሌ ግቢ ውስጥ። ስምንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ሽንት ቤቱን በተራ እናጥብ ነበር። ተራዋን የዘለለች ሴት ካለች መጥረጊያውን ወስጄ በሯ ላይ አቆምላታለሁ፤ ጠዋት በሯን ስትከፍት መጥረጊያው እግሯ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት «ዳኛዋ» እያሉ ያሙኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይሙኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም በማታ ትምህርት፤ ተራ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከዚያ በላይ መማር አያስፈልግም።

ደባል የሚለውን ቃል የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። በደርግ ጊዜ ቤት ያጣ ሰው ሲበዛ ቀበሌው አንዱን ቤት ለሁለት ይከፍልና ሌላ ሰው ያስገባበት ነበር። የገባው ሰው ደባል ይባላል። የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ጣሪያው ግን የጋራ ነው። የእኔ ደባል ከቡታጅራ በኩል የመጣች ብቸኛ ሴት ነበረች። አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና አንድ ትራስ ይዛ ነው የገባችው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ግማሽ ቤቴን ቆርሰው ለማላውቃት ሴት ሲሰጡብኝ ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት። እሷ ግን በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ትላለች። መልስ እንደሌለኝ እያወቀች ትላለች። በመጨረሻ አፈርኩ።

ቤቱን ለሁለት የከፈለው ቺፑድ ነበር። መብራት አንድ ብቻ ስለነበር ቺፑዱን ከላይ በመጋዝ ቆርጠን አምፖሉን ቀዳዳው ላይ አንጠለጠልነው፤ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሷ ያበራል። ማብሪያው በእኔ በኩል ነው። ስለዚህ ልተኛ ስል «ላጥፋ?» እላለሁ። «አጥፊው» ትለኛለች። ሥራ ካላት ደግሞ «ትንሽ ቆዪኝ፣ መርፌ ላይ ነኝ» ትላለች፤ እኔም እንቅልፌን ይዤ እቆያታለሁ። ይህ በየቀኑ ነበር። ባሌ በሕይወት እያለ እንኳ «እኔ ሳልጠየቅ እሷ ትጠየቃለች» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ባሌ ሲሞት ሥራ የሰጠችኝ እሷ ናት። ጆንያ ትጠግን ነበር። በርበሬና ጥራጥሬ የሚያወርዱ ነጋዴዎች የተቀደደውን ጆንያ በክምር ይሰጧታል፤ አራግፋ፣ ሰፍታ ትመልሳለች። እኔም ወስፌ መያዝ ተማርኩ። የሰፋነውን ተሸክሜ የማስረክበው እኔ ነኝ፤ ጉልበት ነበረኝ፣ ለክርክርም እኔ እሻል ነበር። እኔ ወጥቼ እስክመለስ ልጄ እሷ ጀርባ ላይ ነው። በእኔ ጀርባ ከታዘለው በእሷ ጀርባ የታዘለው ይበልጣል። ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ዝናብ እየዘነበ በእግሯ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው እሷ ናት፤ እኔ ደርሼ ስመለስ ልጁ መርፌውን ተወግቶ ተኝቷል፣ እሷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ትጨምቃለች። የራሷ ልጅ አልነበራትም። እሱን «ልጃችን» ነበር የምትለው።

ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ።

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ የገባ ዓመት፣ ቀበሌው ቤት ለቤት ዞሮ ነዋሪ ሊመዘግብ ነው ተባለ። ወሬው ቀድሞ ደረሰን። ደባል ያለበት ቤት እየታየ ደባሉ ይነሳል፤ ከከተማ ዳር፣ ውሃም ታክሲም በሌለበት ሜዳ ላይ ቦታ ይሰጠዋል ተባለ። ደባሌ ይህን ስትሰማ ጆንያው ጭኗ ላይ እንዳለ እጇ ቆመ። ሥራዋ እዚህ ነው፣ ሰዎቿ እዚህ ናቸው። እዚያ ሜዳ ላይ ምን ትሰፋለች?

በዚያው ቀን ግቢውን ቧንቧው ጋ ሰበሰብኩ።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «ሲመጡ እዚህ ግቢ ደባል የሚባል ሰው የለም። እሷ የእኔ እህት ናት፣ ከአገር ቤት በእንግድነት የመጣች። ክፍሉ የጆንያ ማስቀመጫ ነው። የተለየ ነገር የሚናገር ሰው ካለ አሁን ይንገረኝ።»

ፊት ለፊታችን ባለው ቤት የሚኖሩት ሐጂ፣ በርበሬ በጅምላ የሚነግዱ ሰው ናቸው፣ ጢማቸውን እየዳበሱ «እኔ ውሸት አልናገርም» አሉ።

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው፣ ሐጂ?»

«የሴቶች ጉዳይ አላውቅም እላለሁ። እሱ ውሸት አይደለም፤ ስለ ሴት ምንም አላውቅም።»

ሚስታቸው ከውስጥ ሆነው «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ።

አልጋዋን ፈታትተን እኔ አልጋ ስር ከተትነው። ክፍሏን እስከ ጣሪያው ጆንያ ሞላነው። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ እሷ እንደ እንግዳ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። አንደኛው ልጄን «ይቺ ማናት?» ብሎ ጠየቀው።

«አክስቴ ናት» አለ ልጄ። «ለጥምቀት ነው የመጣችው፤ ሰሞኑን ትሄዳለች። እኔ ነኝ የምሸኛት።»

ማንም ያላዘዘውን ነው የጨመረው። ሰዎቹ ሲወጡ ደባሌ አገላብጣ ሳመችው። መዝገቡ ላይ «ክፍል ሁለት፣ ዕቃ ማስቀመጫ» ብለው ጻፉ። ኋላ መታወቂያዋ ላይም «ጥገኛ» የሚል ገባበት። እኛ አዳንናት ብለን ሳምንት ሙሉ ሳቅን። ያን ጊዜ ቀበሌ የሚለው ስም ራሱ ያስፈራ ነበር፤ የስምንት ቤት ሰው ግን ስለ አንዲት ጆንያ ሰፊ ሲል ፊት ለፊታቸው ቆሞ ዋሸ። ምን አገባኝ ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በአንድ ጊዜ አልተለወጡም፤ በመካከል ሆኜ ስላየሁት መለወጡንም አላወቅኩም። በመጀመሪያ በየቤቱ ፍሪጅ ገባ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቧንቧ አስገባ፤ ግቢው መሐል ያለው ቧንቧ ላይ የሚቆም ሰው ጠፋ። የእንጨት በሮቹ በብረት በር ተለወጡ። ልጆቹ ነገዱ፣ አገኙ፤ ወላጆቻቸው ሶፋ አስገቡ፤ ሶፋው ለቤቱ ስለሚበዛ እንግዳ የሚቆምበት ቦታ አልቀረም። በፊት ወንዶቹ በሬዲዮ ስለሰሙት ነገር ግቢው ውስጥ ይጨቃጨቁ ነበር፤ አንዳንዴ ይኳረፋሉ። አሁን የአገር ነገር ሲነሳ «ተዉን እባካችሁ፣ እኛ የምንፈልገው ሰላም ነው» ይባላል። ሰላም የሚሉት ሶፋቸውን መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ልጄም ነገደ። መጋረጃና ምንጣፍ እያስመጣ በጅምላ ያከፋፍላል፤ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ አለው። ካገባ ጀምሮ የሚኖረው በሌላ ሰፈር፣ በራሱ ቤት ነው። እኔና ደባሌ ብቻ በዚያው በአንድ አምፖል ቀረን። ልጄ ለየብቻ መብራት ላስገባላችሁ ሲለን «አይ፣ ታዲያ ከሷ ጋር ምን ልናወራ ነው?» አለችው ደባሌ።

አካባቢው ሊፈርስ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ በር ላይ ስም የሚያስፈርሙ ልጆች ነበሩ፤ የፈረመ ሰው የታሸገ ውሃና ኬክ ይሰጠዋል። ሁሉም ፈረመ። ምን ላይ እንደሚፈርም ያነበበ አላየሁም። ደባሌ ኬኳን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ ለልጄ ትንሽ ልጅ ልትሰጥ ነው። ልጄ በአንድ ጎኔ፣ እሷ በሌላው ጎኔ ተቀምጠዋል።

ከወረዳው የመጣው ኃላፊ ወጣት ነው፣ ንግግሩ ለስላሳ። የቤት ቁጥር እየጠራ ማን ምን እንደሚሰጠው ያነብባል። የእኔ ቁጥር ደረሰ።

«ክፍል አንድ፣ እርስዎ። ክፍል ሁለት፣ ልጅዎ ከነቤተሰቡ። ሁለት ኮንዶሚኒየም» አለ።

ከኋላችን አንዱ «ሎተሪ ደረሳቸው» አለና ሰው ሳቀ። ልጄን ዞር ብዬ አየሁት። ስልኩን እያየ ነው። ደባሌ እንዳልሰማች ሁሉ የቦርሳዋን ዚፕ ትዘጋለች።

እጄን አወጣሁ።

«ጥያቄ አለዎት፣ እናቴ?»

«ጥያቄ የለኝም። ስህተት ግን አለ። ክፍል ሁለት ውስጥ የምትኖረው ይቺ ናት።»

ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እዚህ ክፍል ሁለት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር የሚለው። በኋላ በልጅዎ ስም ተስተካክሏል።»

«ዕቃ ማስቀመጫ ያልነው እኛ ነን። ዋሽተን ነው።»

«እኛ ማለት ማን?»

ወደ ኋላ ዞርኩ። የሰባቱም ቤት ሰው ነበር። አንዷ የውሃዋን ክዳን ለመክፈት ትታገላለች። አንዱ ጫማውን ያስራል። አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩኝ ሐጂ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ስለደከመ የተባለውን አልሰሙም።

«እሺ እናቴ» አለ ወጣቱ። «ሴትዮዋ በክፍሉ መኖራቸውን የሚመሰክሩ ሦስት የግቢው ሰዎች በጽሑፍ ይፈርሙ። እርስዎን ጨምሮ ሦስት። እስከ ዓርብ ካመጡ እናየዋለን፣ ካላመጡ በፋይሉ እንሄዳለን።» ክፉ ልጅ አልነበረም። ስንወጣ በሩን የያዘልን እሱ ነው።

ውጭ ልጄን ያዝኩት። «መቼ ነው የተስተካከለው?»

«ምኑ?»

«ክፍል ሁለት።»

«ቆየ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል። እማዬ፣ ባዶ ነበር እኮ። እኔ ባልመዘገብበት ሌላ ሰው ይመዘገብበት ነበር።»

«ባዶ ነበር? ማን ጀርባ ላይ ነው ያደግከው?»

«እማዬ፣ መንገድ ላይ ነን። እሷን ማን ሜዳ ላይ ይጥላታል? እኔ ቤት እከራይላታለሁ፣ ከዚህ የተሻለ። በቃ።»

በማግስቱ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ወረቀቱን አስጻፍኩ። ከታች ሦስት መስመር አሰመረበት። መጀመሪያው ላይ እኔ ፈረምኩ፤ ስሜን ሙሉ በሙሉ ጻፍኩት፣ ማን እንደፈረመ ማንም እንዳይጠራጠር።

ሐጂ ዘንድ ገባሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአልጋቸው እምብዛም አይነሱም፤ ስብሰባውም ላይ የመጡት ተደግፈው ነበር። ጆሯቸው ስር ጮክ ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ያን ጊዜ የሴት ጉዳይ አላውቅም ብያቸው ነበር» አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን ያቺ የምታርመኝ የለችም፤ አውቃለሁ። አምጪው።» ቀስ ብለው ፈረሙ። ሲጨርሱ «ሌላው ለምን አልፈረመም?» አሉኝ። ገና አልጠየቅኳቸውም አልኩ። እሳቸው መቶ ሰው ይፈርማል ብለው አስበው ይሆናል።

አንድ መስመር ቀረኝ፤ አንድ ሰው ብቻ።

ከሐጂ ጎን ያለችው ሴት ቡናማ ሶፋዋ ላይ አስቀመጠችኝና ጁስ ቀዳችልኝ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደባሌ ናት አራስ ያረሰቻት፤ ይህን አስታወስኳት።

«እትዬ ይሙቱ፣ እሷን እወዳታለሁ» አለችኝ። «ግን እኔን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡኝ።»

«ጎረቤትሽ ጎረቤትሽ ናት ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ የሆነው?»

«አሁን ሁሉም ነገር ፖለቲካ ነው። ዋሽተን ነበር ብዬ ፈርሜ ነገ የኔንም ፋይል ቢከፍቱትስ? ይህን ሶፋ የት አደርገዋለሁ?»

ጁሱን ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ በየማለዳው ራጉኤል የሚያስቀድስ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ። «በጸሎቴ አስባታለሁ» አለ።

«እግዜር እንዲፈርምላት ነው? ወረዳው የሰው ፊርማ ነው የጠየቀው።»

«አይፍረዱብኝ፣ እትዬ።»

ፈረድኩበት።

ከቧንቧው በላይ ያለው ቤት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ስልክ የሚሸጥ ልጅ ነው፣ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እናቱ ያን ቀን ቧንቧው ጋ ቆመው እሺ ካሉት አንዷ ነበሩ። የነገርኩትን ሰምቶ ተናደደ፤ ስለ ግፍ ብዙ ተናገረ። ከዚያ «እማማ፣ አንድ ቪዲዮ ልቅረጻችሁ፣ ሁለታችሁም ቺፑዱ አጠገብ ቁጭ በሉ፣ አምፖሉን እናሳያለን። ሰው በጣም ያየዋል» አለኝ።

«ይህን ብቻ ፈርምልኝ።»

ወረቀቱን እንኳ አልነካውም። «ወረቀትማ ይቀመጣል፣ እማማ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ደረሰ። የቀሩት ቤቶችም መለሱኝ፤ የሚፈርም ጠፋ። ለስብሰባው ውሃና ኬክ ሁሉም ፈርመው ነበር፤ ያ ፊርማ ዐይኔ ላይ ይመጣብኛል።

ልጄ ሱቅ ሄድኩ። ወረቀቱን ከፍቼ ምንጣፎቹ ላይ አስቀመጥኩለት። «አንተም የግቢው ሰው ነህ። አክስቴ ናት ያልከው አንተ ነህ» አልኩት።

ወንበር አመጣልኝ። ሠራተኛዋን ውሃ አምጪ አላት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለደንበኛ እንደሚያስረዳ፣ «እማዬ፣ እዚህ ላይ ከፈረምኩ ዋሽቼ ነው የተመዘገብኩት ማለት ነው» አለኝ። «ቤቱ ይሰረዛል። እሱም ይሁን። የንግድ ፈቃዴን የሚያድሰውም ያው ወረዳው ነው። አንድ ጊዜ ስሜ ከተነሳ ነገም ይነሳል።»

«ያን ጊዜ ለእሷ ስትዋሽ አልፈራህም።»

«ያን ጊዜ የሚቀርብኝ ነገር አልነበረም።»

ይህን ሲል አላፈረም። እንደ ቀላል ሒሳብ ነው የነገረኝ። ቀጥሎ አንድ ጥቅልል እየጎተተ «ይህን ምንጣፍ አየሽው? ለአዲሱ ቤትሽ ነው የመረጥኩት» አለኝ። የሰማይ ቀለም ያለው ምንጣፍ ነው። አሁን የተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ ተነጥፏል።

ቤት ስገባ ደባሌ ጆንያ እየሰፋች ነበር። የሚፈርስ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት።

«ከልጃችን ጋር እንዳትጣዪ» አለችኝ።

«ልጃችን አትበይው።»

«ምን ልበለው? እኔ ያሳደግኩትን ልጅ አላስከስስም። ወረቀቱን ተዪው።»

«እሺ፣ እዚያ ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ። ሁለት መኝታ ቤት አለው ተብሏል። አንዱ ያንቺ ነው።»

መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። ብዙ አትናገርም ነበር፤ ያን ዕለት የተናገረችው ግን አይረሳኝም። «እዚህ ደባል ነበርኩ» አለች። «የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ ነበረኝ። እዚያ ብገባ እንግዳሽ ነኝ። ያን ጊዜ ለሰዎቹ እንግዳ ናት አልሻቸው፤ ሳቅን። አሁን በስተርጅና እውነት ላድርገው?»



ዓርብ ጠዋት ሁለት ፊርማ ይዤ ወረዳው ሄድኩ። ተራ ቁጥር ሰጡኝና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ፊርማ ባይኖረኝም አንድ ነገር ነበረኝ፤ ልጄ በዚያ ክፍል አንድም ቀን አባወራ ሆኖ እንዳልኖረ፣ በሐሰት እንደተመዘገበ መናገር እችል ነበር። የሚኖርበትን ቤት ማሳየት እችል ነበር። እሱን ብናገር የልጄ ስም ይሰረዛል፣ ክፍሉ ባለቤት ያጣል፣ ፋይሉን ለመመርመር ይገደዳሉ። ይህን ሌሊቱን ሙሉ አስቤው ነው የመጣሁት። ቃሉንም ተዘጋጅቼበታለሁ።

ቁጥሬ ተጠራ። አልተነሳሁም። ሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን አየና «እናቴ፣ የእርስዎ ነው እኮ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ተጠርቶ ሲገባ አየሁ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ በሰው በር ላይ መጥረጊያ ሳቆም ኖሬ፣ በልጄ በር ላይ ማቆም አቃተኝ። ሶፋዋን የፈራችውን ሴት ሳማት እከርማለሁ፤ ግን እኔስ ከእሷ በምን ተሻልኩ? እሷ ፋይሏን ፈራች፣ እኔ ልጄን። ሁላችንም የሚቀርብን ነገር ነበረን። የሚቀርባት ነገር ያልነበራት ደባሌ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ከእሷ ተወሰደ።

በአንድ ቀን ነው የተነሳነው። ቺፑዱን ሲነቅሉት ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ ተያዩ፤ እንዲህ ትንሽ ቤት መሆኑን አላውቅም ነበር። አምፖሉን እሷ ናት የፈታችው። በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። «እዚያ አምፖል አለኝ» አልኳት። «ያዢው፣ የሚቃጠል ቢኖር» አለችኝ።

ልጄ ቃሉን ጠብቆ ነበር፣ መጀመሪያ። ከከተማ ዳር አንድ ክፍል ተከራየላት። ያ ከብዙ ዓመት በፊት ይወስዷታል ብለን የፈራነው ሜዳ አሁን ሰፈር ሆኗል፤ ከዚያም አልፎ ነው የተከራየላት። በሦስት ታክሲ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳት። ጆንያ የሚሰጣት ሰው የለም። በር ላይ ተቀምጣ መንገድ ታያለች። ምን ላምጣልሽ ስላት «ወሬ አምጪልኝ» ትለኛለች። የልጄን ልጆች ስም እየጠራች ትጠይቃለች፤ ማን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

በሦስተኛው ክረምት ነበር። በሩን ስቆረቁር የማላውቃት ልጅ ከፈተችልኝ። ከገባች ሁለት ወር ሆኗታል። ቀድሞ የነበሩት ሴትዮ ኪራዩ ሲቋረጥ ወደ ወንድማቸው ልጅ፣ ወደ ገጠር ሄደዋል አለችኝ። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ አይሠራም። እስከ ዛሬ አይሠራም።

ለልጄ ነገርኩት። ከልቡ ደነገጠ። «ረሳሁት እኮ፣ እማዬ። ሥራ በዝቶብኝ። ለምን አልደወለችም?» አለ።

ለምን እንዳልደወለች አልገባውም። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ። ክፉ ልጅ ቢሆን እንዴት እንደምይዘው አውቅ ነበር። ልጄ ግን በየእሁዱ ፍራፍሬ ይዞልኝ ይመጣል፣ መድኃኒቴን ይገዛል፣ እጄን ይስማል። በእሱ ስም የወጣው ኮንዶሚኒየም እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ ቀን አልኖረበትም፤ አከራይቶታል። ሊፍቱ አራተኛ ላይ ሲቆም ዐይኔን እጨፍናለሁ።

ሕንፃው ላይ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ ወደ ስልካቸው ያያሉ። ደረጃውን ማን እንደሚያጥብ ጠይቄ ነበር፤ ድርጅት ተቀጥሯል አሉኝ። ተራ የሚባል ነገር የለም። ሲመሽ መብራቱን የማጠፋው ማንንም ሳልጠይቅ ነው።

ወረቀቱን አልጣልኩትም። ልጄ እሁድ ሊበላ ሲቀመጥ፣ ሳህኑን ከማቅረቤ በፊት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ አስቀምጠዋለሁ።

«እማዬ፣ ይህ ነገር እኮ አልፏል» አለኝ መጀመሪያ ቀን።

«አውቃለሁ። ፈርም።»

«ምን ይጠቅማል?»

«ምንም። ፈርም።»

አልፈረመም። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በላ። በሚቀጥለው እሁድም አስቀመጥኩት። በሚቀጥለውም። ልጆቹ ለምደውት «የአያቴ ወረቀት» ይሉታል። ትንሿ አንድ ቀን ወጥ ልታፈስበት ስትል እጇን መታሁት፤ ይህን ያየችው ምራቴ ሁለት እሁድ ቀረች። እኔ ግን አልተውኩም። ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን ቀና ብሎ ያየኛል፣ የዚያች ሴት ጀርባ ትዝ ይለዋል፣ ምናልባት ያለቅሳል ብዬ ነበር የምጠብቀው። እናት ነኝ፤ ይህን መጠበቄን አልደብቅም።

ባለፈው እሁድ መጣ። ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር፤ ወደብ ላይ ስለቆመ ዕቃ ከአንድ ሰው ጋር ይነጋገራል። ንግግሩን ሳያቋርጥ በሌላው እጁ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ በጥርሱ ክዳኑን ነቀለ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ፈረመ። ለሱቁ ዕቃ ሲረከብ የሚፈርማት ያቺው ፊርማ ናት፣ አንድ ጭረትና አንድ ክብ። አንድ ቃል አላነበበም። ወረቀቱን ወደ እኔ አንሸራተተና ስልኩን ከአፉ ትንሽ አራቅ አድርጎ «ይኸው። በቃ አሁን እንብላ» አለኝ።

ሦስት ፊርማ ሞላ።

አጥፌ አምፖሉ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ሳህኑን አቀረብኩለት፤ ጣፈጠኝ ብሎ ደገመ።